ቁስቋም ላይ ሠዓሊ ሆኖ መኖር ያዋጣል? ሽሮ ሜዳ፣ ቀጨኔና እንጦጦ ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ

የቁስቋም ሠዓሊ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ሥር፣ ቁስቋም አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ሥዕል እሠራለሁ። ሥነ ጥበብ ተምሬ ነው የወጣሁት። መጀመሪያ እዚህ ያመጣኝ ኪራዩ ነው፤ ከታች ከተማው ይሻላል። አሁን ግን ኪራዩ ቢጨምርም እንኳ ለመልቀቅ እግሬ እሺ አይለኝም። ሰፈሩ ያዘኝ።

ምን ያዘሽ ለምትሉኝ፣ ጠዋት ስነሳ ከግድግዳው ማዶ መወርወሪያ ሲመላለስ እሰማለሁ። ጎረቤቴ ጋሼ ሸማኔ ናቸው። ፀሐይ ስትወጣ በራችን ፊት ለፊት ድር ያደራሉ። ከችካል ችካል ነጩ ክር ይወጠርና አላፊ አግዳሚው ጎንበስ ብሎ ያልፋል፤ ማንም አያማርርም። ወረድ ብሎ ደግሞ አንድ አባት አቡጀዴ ወጥረው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥላሉ። ሰሞኑን የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ሲሠሩ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ልጓሙን በቀጭን ብሩሽ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ በአንድ እጅ አወራረድ ሳቡት። እኔ ያንን መስመር ለማምጣት እርሳስ፣ ላጲስ፣ እንደገና እርሳስ ነው። ሽሮ ሜዳ ስወርድ ጥልፍ የሚጠልፉ፣ ቀሚስ የሚሰፉ ልጆች በየሱቁ ጓሮ አሉ። ማዶ ቀጨኔ ሸክላ ይሠራል። እንደ እኔ ክፍል ተከራይተው የሚሥሉ ልጆችም አሉ፤ ሲመሽ አንዳችን ቤት ተሰብስበን ቡና እያፈላን ሥራችንን እንተያያለን። ለእኔ ይሄ ሕያው ሰፈር ነው።

አብረውኝ የተማሩት ግን «ጥበቡ ያለው ቦሌ ነው፣ እዚያ ዳገት ላይ ማን ያይሻል» ይሉኛል። በተለይ ደግሞ እናቴ ትጨነቃለች።

ልጠይቃችሁ የፈለግኩት ይሄን ነው። እዚህ ተራራ ሥር ሆኖ በሥዕል የሚተዳደር ሰው ታውቃላችሁ? ሌላው፣ አንድ ቀን የግቢዎቻችንን በር ብንከፍትስ ብዬ አስባለሁ። ሠዓሊዎቹም፣ ሸማኔዎቹም፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊውም ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ሰው በእግሩ ከበር በር እየዞረ ሥራ ሲሠራ ያያል፣ የወደደውን ይገዛል። ይሆናል ወይስ ሕልም ነው?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጎረቤቶቼ ናቸው። ሰው መጥቶ ፎቶ አንስቶ፣ «ዋው» ብሎ፣ ምንም ሳይገዛ እንዲሄድ አልፈልግም። ጋሼ በገዛ ደጃፋቸው መታያ እንዲሆኑ አልፈልግም። እንዲህ ዓይነት ነገር የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

ከቦሌ

እህቴ፣ ላስከፋሽ ፈልጌ አይደለም፤ ግን እኔ ሥዕል በመሸጥ ሥራ ላይ ስላለሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ሥዕል የሚገዛ ሰው ከመኪናው ብዙ መራቅ አይወድም። ገዢው የኤምባሲ ሠራተኛ ነው፣ ለዕረፍት የመጣ ዲያስፖራ ነው፣ አዲስ ቤት ሠርቶ ባዶ ግድግዳ ያለበት ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ሥራሽን ዐሥር ጊዜ ካዩ በኋላ ነው አንድ ቀን የሚገዙት። ስለዚህ መሥሪያሽን እዚያው ተዪው፤ ሥራሽን ግን ወደ ታች አውርጂ።

ስድስት ኪሎ ለአንቺ ቅርብ ነው። ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጋር ግንኙነትሽን አታቋርጪ። ተመራቂዎች ሥራቸውን ሲያሳዩ ጋለሪዎችም ሰብሳቢዎችም ይመጣሉ፤ የድሮ ተማሪም ሄዶ ሰው ቢተዋወቅ ነውር የለውም። እዚያው የሠዓሊው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። ገብረ ክርስቶስ አገሩን ጥሎ ወጥቶ በስደት ነው የሞተው፤ ሥዕሎቹ ግን ከጀርመን ተመልሰው አሁን እዚያ ይታያሉ። በወር አንዴ ብትገቢ ለዓይንሽም ለልብሽም ይጠቅምሻል።

በር የመክፈቱን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። ክረምት ላይ ግን እንዳታስቢው። ዳገቱ ጭቃ ሲሆን የእኔ ደንበኞች አይወጡም።

የሸማኔ ልጅ

የኔ እህት፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድማችን ከቦሌ ስለ ገዢው የጻፈው ልክ ነው፤ አመስግኚው። ጓደኞችሽ «ጥበቡ ያለው ቦሌ ነው» ያሉት ግን ከነከነኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እኔ ሽሮ ሜዳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አባቴ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ነው የመጣው። ሽሮ ሜዳን ሽሮ ሜዳ ያደረጉት ከዶርዜ፣ ከጨንቻና ከዚያው አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። ጨንቻን ካላየሽ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ተራራው ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጉም ከቀትር በፊት አይለቃትም። በየቤቱ ይሸመናል፣ ቤቱ ራሱ ከቀርከሃ ተሸምኖ የተሠራ ነው። አባቴ እንጦጦ ሥር ሲደርስ «እዚህም ብርዱ እንደ አገራችን ነው» ብሎ ተቀመጠ። ከተራራ ወደ ተራራ ነው የመጣነው።

ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ማግ አጠነጥን ነበር። እናቴ እንዝርት ይዛ ትፈትላለች። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ይቀመጣል፤ በእግሩ ይረግጣል፣ በእጁ ይወረውራል፣ ይመታል። ሰው ጥለት ሲያይ ቀለሙን ነው የሚያየው። እኔ የማየው ቁጥሩን ነው። አባቴ ወረቀት ላይ ነድፎ አያውቅም። ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ይህን ያህል ያነሳል፣ ይህን ያህል ይተዋል፣ ባለቀለሙን ክር ያሳልፋል፣ ይመታል። አንዲት ክር ከተዛነፈች መስቀሉ ይንጋደዳል፤ ያኔ ዝም ብሎ የሠራውን ይፈታል። «አባዬ» ብለን ስንጠራው ከንፈሩ በጋሞኛ እየቆጠረ አንድ እጁን ወደ እኛ ከፍ ያደርጋል፣ ቆዩ ለማለት። ረድፉን ሳይጨርስ ለማንም መልስ የለም፤ ለቄሱም ቢሆን። ያ ሰው ሠዓሊ ካልሆነ እኔ ሠዓሊ ማን እንደሆነ አላውቅም።

እንግዲህ ለአንቺ የምለው ይሄ ነው። ዝግጅቱን ስታስቢ ከሸማኔው፣ ከሥዕሉ አባትና ከሸክላ ሠሪዎቹ ጀምሪ። እናንተ ሠዓሊዎቹ ከእነሱ ቀጥሎ ኑ። ሸማኔው የሥዕል ዐውደ ርዕይ ማድመቂያ ከሆነ፣ ጋሼ አንድ ጊዜ ለአንቺ ሲሉ እሺ ይሉሻል፤ በሚቀጥለው ዓመት በራቸውን ይዘጋሉ። ወረቀት ላይ የሠዓሊ ስም ከተጻፈ የሸማኔውም ስም በዚያው ፊደል መጠን ይጻፍ። ነጠላው ላይ «የሽሮ ሜዳ ባህላዊ ልብስ» ተብሎ ብቻ አይንጠልጠል። የሠራው ሰው ስም አለው።

ይሄን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። በዚህ አገር ባለ እጅን መናቅ የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከተማቸውን አድርገው፣ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ነገሡ። ቤተ መንግሥት ባለበት አናጺውም፣ ብረት ሠሪውም፣ ሸማኔውም፣ ሠዓሊውም ይፈለጋል። ሰው ግን እየፈለጋቸው ይሰድባቸው ነበር፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ይል ነበር። ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደረሱ። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ትምህርት ቤት ያንኑ ስድብ ሰምቼ አልቅሼ ቤት ገብቻለሁ። አባቴ ያን ቀን የለበስኩትን ሹራብ አስወልቆ ራሱ የሠራውን ጋቢ አለበሰኝና «ነገ ይሄን ለብሰህ ሂድ» አለኝ። ለብሼ ሄድኩ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ቀኑን በሸማኔ የቀን መቁጠሪያ ምረጪ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ከገና በፊት ጀምሮ እስከ ጥምቀት ድረስ ጋሼን ብትጠሪያቸው ቀና አይሉልሽም። ከጥምቀት በኋላ እስከ ሁዳዴ የሠርግ ትዕዛዝ ነው። ከፋሲካ በፊትና ከእንቁጣጣሽ በፊትም እንደዚያው። ክረምት ደግሞ ድር ውጭ አይደራም፤ ዝናብ ነው። የሚቀርሽ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ነው። ኅዳር 6 የቁስቋም ንግሥ ነው፤ ያን ቀን ሰፈርሽ በሰው ይሞላል። በዓሉ ዕለት ሸማኔ አይሠራም፣ አንቺም እንዲሠሩ አትጠይቂ። ከንግሡ በኋላ ያለው ቅዳሜ ግን ምርጥ ነው። ፀሐይ አለ፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሰዉም ገና ንግሡን አልረሳውም፤ የገና ትዕዛዝም አልበዛም።

ጓደኞችሽ «ማን ያይሻል» ላሉሽ፣ ሰዉ በደጅሽ ያልፋል እንጂ እየመጣ ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ያ ሁሉ መኪና በሽሮ ሜዳ ነው የሚወጣው። በወሩ 21 ለማርያም፣ በ16 ለኪዳነ ምሕረት ፀበል በእግሩ የሚወጣው ሕዝብም አለ። ይሄ ሰው ነጠላ ይለብሳል፣ ጋቢ ይገዛል፣ ቤቱ ሥዕል ይሰቅላል። ወንድማችን ስለ ኤምባሲ ገዢዎች ጻፈ፤ እኔ ደግሞ ስለዚህ ገዢ ነው የማስበው። ትልቅ ሸራ ላይገዛ ይችላል። በትንሽ ወረቀት ላይ የሠራሽውን፣ አቅሙ በሚችለው ዋጋ ብታቀርቢለት ግን ለልጁ ይዞ ይገባል።

ስለ ገንዘብ በግልጽ ተነጋገሩ። ሸማኔ ብዙውን ጊዜ ለነጋዴ ነው የሚሠራው። ነጋዴው ክር ይሰጠዋል፣ የእጁን ይከፍለዋል፤ ልብሱ ከታች ሱቅ ውስጥ በስንት እንደተሸጠ እሱ አያውቅም። በር በከፈታችሁበት ቀን ጋሼ ዋጋቸውን በራሳቸው አንደበት ይናገሩ፣ ብሩም በእጃቸው ይግባ። ኮሚሽን የሚባል ነገር እንዳታስገቡ። ጋሼ ከነጋዴ ጋር የትዕዛዝ ውል ካላቸው ግን የነጋዴውን ዕቃ መሸጥ አይችሉም፤ ስለዚህ ለዚያ ቀን የሚሆን የራሳቸውን ነጠላ ቀደም ብለው እንዲሠሩ ክሩን ማን ይገዛል የሚለውን አስቡበት። ሠዓሊዎቹ አዋጥታችሁ ክር ብትገዙና ከሽያጭ በኋላ ቢመልሱላችሁ ጥሩ ነው። ሸማኔን ወደ ኋላ የሚያስቀረው የእጅ ችሎታ ማነስ ሆኖ አያውቅም፤ የክር መግዣ ማጣት ነው።

የታተመ ጥለት ነገርም አለ። ከውጭ በፋብሪካ ጥለት የታተመበት ጨርቅ ይገባል። ከሩቅ ሲያዩት የሽሮ ሜዳ ሥራ ይመስላል፤ ዋጋው ግን እጅግ ያንሳል። ልጆች ከሸመና ወደ ቀን ሥራ የሚሄዱበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሰው ለይቶ ማየት እንዲችል አሳዩት። ልብሱን ገልብጡለት። በእጅ የተሠራው ጥለት ጀርባው ላይ ክሩ ሲሄድና ሲመለስ ይታያል፤ በጣትም ይዳሰሳል። የታተመው ጀርባው ገርጣ ያለ ቀለም ብቻ ነው። ይሄን በዓይኑ ያየ ሰው ሁለተኛ አይታለልም።

ደግሞ አንድ ከባድ ነገር ልጨምር፤ ማለፍ ስለማልችል ነው። በእኛ ሙያ ውስጥ ከገጠር የመጡ ሕፃናት ትምህርት ተነፍገው ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠሩበት ቤት ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ ጠፋ አልልም። ልጅ ከአባቱ ሥር ሆኖ ማግ ማጠንጠኑ አንድ ነገር ነው። የሰው ልጅ አምጥቶ ጉድጓድ ውስጥ ማስቀመጥ ሌላ ነው። በየትኛው ቤት በር እንደምትከፍቱ አስቀድማችሁ እወቁ። ሕፃን የሚሠራበት ቤት ወደ ዝግጅቱ አይግባ፤ ለምን እንዳልገባም ለባለቤቱ በግልጽ ንገሩት።

ሌላ ቦታ ምን ተሠራ ካልሽ መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ሄደሽ እዪ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የሠሩት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ በአገራችን የጭቃ ቤት አሠራር። ኤልያስ በክርና በመርፌ ሸራ ላይ እየሰፋ፣ በኋላም ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦዎች ሥራ እየሠራ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። ጭቃውን ስታዪ ልብሽ ይሞላል። ቁስቋም ውስጥ ያለው ነገር ከዚያ ያነሰ እንዳልሆነ ይታይሻል።

እኔ አሁን ሽመናውን ትቼ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ግን ዛሬም ይሠራል። ዓይኑ ደክሟል፤ ጥለት አይጥልም፣ ጋቢ ብቻ ነው። የምትፈልጊው ነገር ካለ ጻፊልኝ።

የቀጨኔ ልጅ

ጋሼ፣ የጻፉትን ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ስድቡን የጻፉበት ቦታ ስደርስ «አቁሚ፣ እንደገና አንብቢው» አለችኝ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ አያቴም ነበረች። ለእኛ የሚወጣው ስም ደግሞ ቡዳ ነበር። ጀበናችንን እየገዙ፣ በምጣዳችን እንጀራ እየጋገሩ፣ ልጃቸውን ከእኛ ዓይን ይሸሽጉ ነበር። እናቴ ጉልት ላይ ሸክላ ስትሸጥ ከየት እንደሆነች ስትጠየቅ የሰፈሩን ስም የማትጠራበት ጊዜ እንደነበር ነግራኛለች። እኔ እጠራዋለሁ። ቀጨኔ ነኝ።

የቁስቋም እህቴ፣ ሸክላም ቢመጣ ደስ ይለናል። ግን ሥራችን በአንድ ቀን የሚታይ አይደለም። አፈሩ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይቦካል። እናቴ ማሽከርከሪያ የላትም፤ ሁሉንም በእጇ እየዞረች ነው የምታቆመው። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ፀሐይ በአንዴ ካገኘው ይሰነጠቃል። ከዚያ ነው የሚተኮሰው፤ በእንጨት፣ በቅጠል፣ በኩበት። ያቺ ጥቁር ጀበና ጥቁረቷን የምታገኘው ከእሳቱ ስትወጣ በጭስ ታፍና ነው። መተኮስ እናንተ ግቢ ውስጥ አይሆንም፤ ጭሱ ጎረቤት ያስለቅሳል። እናቴ መጥታ ጀበና ስትሠራ ማሳየት ግን ትችላለች። የጀበና አንገት ስታወጣ ያየ ሰው ሱቅ ውስጥ ዋጋ አይከራከርም። አውራ ጣቷ ውስጥ፣ ሌሎቹ ጣቶች ውጭ ሆነው፣ ጭቃው በጣቶቿ መሐል እየሳሳ ሽቅብ ይወጣል። ግማሽ ላይ ካቆመችው ይወድቃል። እኔ እስከ ዛሬ ቀጥ ያለ አንገት አውጥቼ አላውቅም፤ እየተማርኩ ነው።

እናቴ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር አለ። ስትሠራ ቪዲዮ የሚያነሳት ሰው አስፈቅዶ ነው ወይስ ዝም ብሎ? አንድ ጊዜ ሳይነግሯት አንስተዋት ፊቷ ማስታወቂያ ላይ ወጥቶ ነበር። ምንም አላገኘችበትም።

ከሱሉልታ

ከእንጦጦ ወዲያ ማዶ ነው የምኖረው፤ ረጅም አልጽፍም። እህቴ በር ላይ ቆመሽ ስላየሻቸው የሥዕል አባት አንድ ነገር ልበል። በእኛ በኩል ያለውን አስፋልት ይዘሽ ስትሄጂ ፍቼ ትደርሻለሽ፣ ሰላሌ ማለት ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሥዕል ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም የዚያ አገር ሰው ናቸው። ቺካጎ ሄደው ከመማራቸው በፊት ያደጉት በቤተ ክርስቲያን ሥዕል መሐል ነው። አፈወርቅ ተክሌም አንኮበር ነው የተወለደው። ሁለቱም ከደጋ ወደ ከተማ የወረዱ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ እኚያን አባት እንደ ሌላ ዓለም ሰው አትመልከቻቸው። ገብተሽ ጠይቂያቸው። ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ከሐዲውን በአንድ ዓይን የሚሥሉበትን ሥርዓት፣ አቡጀዴውን ቤታቸው ጨርሰው በኋላ ግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚለጥፉት። ቀለም በጥብጪላቸው። ከትምህርት ቤት ያላገኘሽውን እጅ ታገኛለሽ።

የቁስቋም ሠዓሊ

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ሁሉንም ለጋሼ አነበብኩላቸው። ሲሰሙ ቆዩና «የጨንቻው ሰውዬ አባት ማን ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ። ሳያውቁት አይቀሩም መሰለኝ። ቅዳሜው ከንግሡ በኋላ ይሁን ስላቸው «ይሁን» ብለዋል። ክሩን በተመለከተ አራት ሠዓሊዎች ለማዋጣት ተስማምተናል።

የሥዕሉ አባት ግን እንቢ አሉኝ። «ለጸሎት የምሠራውን ለመታያ አላወጣም» አሉ። አልተከራከርኩም። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸው ጠርተው «ቀለም መበጥበጥ የምትችል ልጅ ነሽ?» አሉኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ።

ለቀጨኔዋ እህቴ፦ ያለ እናትሽ ፈቃድ ማንም ካሜራ አያነሳም። በር ላይ በትልቁ እንጽፋለን፣ አንድ ሰውም እናቆማለን። ቪዲዮ ለመሥራት የሚፈልግ ከእሳቸው ጋር ተነጋግሮ፣ ከፍሎ ነው። ጋሼ የሸማኔ ልጅ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። እንግዳ ሲመጣ ጋሼ ሥራ ማቋረጣቸው አይቀርም። ለባከነው ጊዜያቸው ብር ብሰጣቸው ይቀየሙኛል?

የሸማኔ ልጅ

ብሩን በእጃቸው ከሰጠሻቸው ይቀየሙሻል፤ አንቺ ለእሳቸው ልጅ ነሽ። ከዚያ ይልቅ ቀደም ብለሽ አንድ ጋቢ እዘዢያቸው፤ ቀብድ ክፈዪ፣ ዋጋ አትከራከሪ። ያን ጋቢ በዚያ ቅዳሜ ሰው ፊት ይሥሩት። ትዕዛዝ ላይ ያለ ሸማኔ ቀኑ አልባከነበትም፤ እንግዳውም የምር ሥራ ያያል። ሌሎቹ ሠዓሊዎችም እንደዚያው ቢያደርጉ በየበሩ ትዕዛዝ ያለው ሸማኔ ይኖራል ማለት ነው። ለጋቢ ብር ካጠራችሁ ነጠላ እዘዙ።

የአባቴን ስም በግል እጽፍልሻለሁ። ለጋሼ ስትነግሪያቸው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባቴን ይዤ እመጣለሁ፤ ዳገቱ ስለሚከብደው በታክሲ ነው የማመጣው፤ ወንበር አዘጋጁለት።

የቀጨኔ ልጅ

እናቴ እሺ ብላለች። እሷ ራሷ፣ አክስቴና አንዲት ጎረቤታችን ይመጣሉ። የሚሸጥ ጀበና፣ የዕጣን ማጨሻና ትንንሽ ድስት ይዘን እንመጣለን። ቸግሮን ያለው ማጓጓዣው ነው። ሚኒባስ ላይ ከጫንነው ግማሹ ይሰበራል፤ ዕቃው በጭድ ተጠቅጥቆ ቀስ ብሎ መሄድ አለበት። ቅዳሜ ጠዋት በማለዳ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ወደ ቁስቋም የሚያደርሰን ባለ ፒክአፕ ካለ እዚሁ ይጻፍልን፤ የነዳጁን እንከፍላለን።